ማን ሂጂ አለሽ?

ታናሽ እህቴ ባለፈው ረመዳን መጨረሻ ላይ ደወለች። የእናቴን ጤና፣ የጎረቤቱን ሰርግና ለቅሶ ነግራኝ ስታበቃ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትዋሺኝ» አለችኝ። «አንቺ ያኔ ወደሽ ነው የሄድሽው ወይስ ተገደሽ?»

ለምን እንደጠየቀችኝ ገብቶኛል። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እንደ አብዛኛው የአገራችን ልጅ አላለፈላትም። እኛ ሰፈር ደግሞ ከጤና ኬላ ይልቅ ደላላ ይቀርባል። «ወድጄ ነው» ብላት «እኔም ወድጄ ልምጣ» ትላለች። «ተገድጄ ነው» ብላት «እኔስ ምን ምርጫ አለኝ?» ትላለች። በየትኛውም በር ብትወጣ መንገዱ ያው ነው፤ ኦቦክ፣ ባሕሩ፣ የመን፣ ሰዓዳ፣ ከዚያ እኔ ያለሁበት የአል-ኹባ ተራራ ሥር።

«ቆይ፣ አስቤ ልንገርሽ» አልኳት። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ያሰብኩትን ነው ለእናንተ የምጽፈው፤ ይሄን ጥያቄ ያልተጠየቀች ከመካከላችን ያለች አይመስለኝም።

ሰው ስለኛ የሚያወራው በሁለት አፍ ነው። አንዱ አፍ «ማን ሂጂ አላት?» ይላል። ደመወዟን የተከለከለችው፣ እጇ በዘይት የተቃጠለው፣ በአንድ ፌስታል ልብስ ቦሌ የወረደችው፣ ለዚህ አፍ ሁሉም አንድ ናቸው፤ ፈልጋ ሄደች፣ ራሷ ትወጣው። ሌላው አፍ «ምስኪን፣ ድህነት ገፍቷት ነው» ይላል። ይሄኛው ይሻላል እል ነበር፤ ቢያንስ እንባ አለበት። እየቆየ ግን እሱም ያመኝ ጀመር። ያን ሁሉ ሌሊት በእግሩ የተጓዘው ድህነት አይደለም፣ እኔ ነኝ። ውሃዬን ለማን እንደማካፍል፣ ከየትኛው ቡድን ጋር እንደምሄድ፣ መቼ እንደምተኛና መቼ ነቅቼ እንደማድር እኔ ነኝ የወሰንኩት። ንፋስ እንዳመጣው ፌስታል ሲቆጥሩኝ፣ ያ ሁሉ ልቤ የት ገባ?

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ሂዩማን ራይትስ ዎች የሚባለው የመብት ድርጅት አንድ ሪፖርት አወጣ። ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 ባለው ጊዜ፣ ከየመን ወደ ሳዑዲ ሊሻገሩ የሞከሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በዚህ ድንበር ላይ ተገድለዋል የሚል ነው። የሳዑዲ መንግሥት መሠረተ ቢስ ነው ብሎ አስተባበለ። ያን ሰሞን አገር ቤት ደውዬ ከአጎቴ ጋር ስናወራ ነገሩ ተነሳ። አጎቴ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ምን አለ መሰላችሁ? «እነሱስ ማን ሂዱ አላቸው?» ሞተውም ተጠየቁ ማለት ነው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ሲባል የሰማሁት በዛፍ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

እህቴ በጠየቀችኝ ሳምንት ነው እንግዲህ ያ ቪዲዮ የመጣው።

የምሠራበት ቤት ትልቋ ልጅ ጂዛን ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ትማራለች። ቤተሰቡ በጦርነቱ ጊዜ ወደ አቡ አሪሽ ወጥቶ ቆይቶ የተመለሰ ነው፤ ልጅቷ ያደገችው በመሰደድና በመመለስ ነው፤ ለዚህም ይሆናል ከኔ ጋር የምንግባባው። አንድ ማታ ልብስ ስተኩስ ስልኳን ይዛ መጣችና «ነይ እዪ፣ አንቺን የምትመስል አገኘሁልሽ» አለችኝ። አንዲት ቀጭን ነገር በሁለት እግሮቿ ገመድ በሚመስል ነገር ላይ ትራመዳለች። አንዱን እግር አንስታ ከሌላው ፊት ታሳርፋለች፤ ደግሞ የኋላውን ታነሳለች። ከበላይዋ ከራሷ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ድብልብል ዕቃ ተሸክማለች። ወገቤን ይዤ ሳቅሁ። ልክ ከወንዝ የምትመለስ ሴት!

ስሟ ካይኔሲን ነው፤ ፕሮቲን ናት። ፕሮቲን ሲባል እኛ የሚታወሰን ምስርና እንቁላል ነው፤ በሰውነታችን ሕዋስ ውስጥ ግን አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት ፕሮቲኖች ናቸው። አሚኖ አሲድ የሚባሉ ቅንጣቶች እንደ ጨሌ ይሰካሉ፤ ክሩ ይጠቀለልና ቅርጽ ይይዛል፤ ሥራው ከቅርጹ ይመጣል። ካይኔሲን የታወቀችው በ1985 ነው። ሥራዋ ተሸካሚነት ነው። አንድ እርምጃዋ 8 ናኖሜትር ነው፤ ያ ማለት የአንድ ፀጉር ውፍረት የሚያህል መንገድ ለመጨረስ 10 ሺ ያህል ጊዜ ትራመዳለች። ለእያንዳንዱ እርምጃ ኤቲፒ የምትባል አንዲት ሞለኪውል ስንቅ ታቃጥላለች። ስንቁ ከሞላላት በሰከንድ መቶ ያህል እርምጃ ትሄዳለች። ከወገባችን እስከ እግር ጣታችን በሚወርደው ነርቭ ውስጥ ዕቃ የምታደርሰው እሷ ናት፤ መንገዱ ቀናት ይፈጅባታል።

እኔ ሁለት ዓመት ፊዚክስ ተምሬ አባቴ ሲታመም ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። ይሄን ለጉራ አይደለም የምናገረው፤ ሁለት ዓመት ፊዚክስ ጉራ አይሆንም፣ ጉጉት ብቻ ነው የሚተወው። ልጅቷ ወደ ክፍሏ ከገባች በኋላ ተኝቼ አልወጣልኝም። ፊልሙ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በ2006 ያሠራው የታወቀ ፊልም ነው። ቆንጆ ነው። ግን አንድ ነገር ደብቋል፤ ውሃውን። ካይኔሲን የምትኖረው በተጨናነቀ ፈሳሽ ውስጥ ነው። የውሃው ሞለኪውሎች ከፊትም ከኋላም ከላይም ከታችም ሲደበድቧት ይውላሉ፤ ለአንዲት ቅጽበት እንኳ አያርፉም። በፊልሙ ላይ ቀስ ብላ በዝምታ የምትራመደው ተመልካች እንዲገባው ተብሎ ነው። በእውነቱ ግን በማዕበል ውስጥ ናት።

ይሄን ስረዳ በጋዜጣ ላይ የሚወጣው የስደት ካርታ ትዝ አለኝ። ከኢትዮጵያ ተነስቶ በጂቡቲ አድርጎ የመን ገብቶ ሳዑዲ የሚደርስ አንድ ቀይ ቀስት። ቀስቱ አይንቀጠቀጥም። ኦቦክ ላይ ዘጠኝ ቀን ጥላ ፍለጋ መዞሬ፣ አንዴ ልመለስ ብዬ ግማሽ ቀን ወደ ኋላ መሄዴ፣ ጀልባዋ ላይ ስትገባና ስትወጣ የነበረችው ነፍሴ፣ ካርታው ላይ የሉም።

የመንቀጥቀጡ ነገር የታወቀው ድሮ ነው። ሮበርት ብራውን የሚባል የዕፅዋት ተመራማሪ በ1827 ከአበባ ዱቄት የወጡ ቅንጣቶች ውሃ ውስጥ ያለ ዕረፍት ሲፈራገጡ በማጉያ መሣሪያው አየ። ነፍስ ያላቸው መሰለው፤ የድንጋይ ብናኝ ቢያደርግም ያው ሆነ። አይንስታይን በ1905 ምክንያቱን አስረዳ፤ የማይታዩት የውሃ ሞለኪውሎች ናቸው የሚገጯቸው። ፕሮቲኖች ራሳቸው እንደሚንቀጠቀጡ ለማየት ግን ኮምፒውተር መጠበቅ ነበረበት። የፕሮቲን ቅርጽ በኤክስሬይ ሲነሳ እንደ ሐውልት ደርቆ የቆመ ይመስል ነበር። በ1977 ማርቲን ካርፕለስና ሁለት ባልደረቦቹ ከበሬ ቆሽት የምትገኝ፣ 58 አሚኖ አሲድ ያላትን ትንሽ ፕሮቲን ኮምፒውተር ውስጥ አስገቡ። እያንዳንዱ አቶም ጎረቤቱን ስንት እንደሚስብ፣ ስንት እንደሚገፋ እያሰሉ ትንሽ ትንሽ አንቀሳቀሷት። ያሳዩት እንቅስቃሴ በጠቅላላው 9 ፒኮሰከንድ ገደማ ነው፤ የአንድ ሰከንድ ቢሊዮንኛ አለ አይደል፣ የዚያን መቶኛ እንኳ አይሞላም። ውሃውን አልጨመሩበትም፤ ለያኔው ኮምፒውተር ከባድ ነበር። ቢሆንም በዚያች ቅጽበት ውስጥ ሐውልቱ ሲላወስ ታየ። ካርፕለስ ከማይክል ሌቪትና ከአሪየህ ዋርሸል ጋር በዚህ ዓይነቱ ሥራ የ2013ን የኬሚስትሪ ኖቤል ወሰደ።

የ2024ቱንም ኖቤል የወሰዱት የፕሮቲን ሰዎች ናቸው። ዴቪድ ቤከር አዳዲስ ፕሮቲን በመንደፉ፣ ዴሚስ ሃሳቢስና ጆን ጃምፐር ደግሞ አልፋፎልድ በሚባለው ፕሮግራማቸው የጨሌውን ቅደም ተከተል ብቻ አይቶ የመጨረሻ ቅርጹን በመተንበያቸው። ትልቅ ነገር ነው። ግን የሚሰጠው ቅርጹን ነው እንጂ ያ ቅርጽ በማዕበሉ ውስጥ የሚያደርገውን አይደለም። እንደ ኢቃማ ፎቶ ነው። ኢቃማዬ ላይ ያለችው ሴት በእርግጥ እኔ ነኝ፤ ምን እንደሠራችና ምን እንደደረሰባት ግን ፎቶው አያውቅም።

አሁን ወደ እህቴ ጥያቄ ልመለስ። ካይኔሲን ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ትገፋለች። እኩል ከተገፋች ደግሞ ባለችበት መወዛወዝ እንጂ ወደ ፊት መሄድ አልነበረባትም። ታዲያ እንዴት ትሄዳለች?

መጀመሪያ የሚመጣው መልስ «በቅርጿ» የሚል ነው። ያቺን የፕላስቲክ ማሰሪያ ታውቋታላችሁ፤ ሽቦ የሚታሰርባት፣ ሲስቧት ጠጠጠ እያለች የምትጠብቅ፣ ወደ ኋላ ግን እምቢ የምትል። (አንዳንዶቻችን በእጃችን ላይም እናውቃታለን።) ጥርስ ስላላት ብትነቀንቋት ወደ አንድ ወገን ብቻ ትሄዳለች። ሞለኪውልም እንዲህ ያለ ጥርስ ካላት ውሃው ወደ ፊት ሲገፋት ትሄዳለች፤ ወደ ኋላ ሲገፋት ጥርሱ ይይዛታል፤ አለቀ። ያምራል። ግን ስህተት ነው። ስሞሉኮውስኪ የሚባል የፖላንድ ፊዚክስ ሊቅ በ1912፣ በኋላም ሪቻርድ ፋይንማን በ1960ዎቹ መጀመሪያ ትምህርቱ ላይ እንዳሳዩት፣ ጥርሱ ራሱ ትንሽ ከሆነ እሱም ይንቀጠቀጣል፤ በገዛ መንቀጥቀጡ እየተከፈተ ወደ ኋላ ያሳልፋል። ሁሉም ቦታ እኩል ሙቀት ካለ፣ ቅርጽ ብቻውን አንዲት እርምጃ አያስሄድም። ወይ ስንቅ ያስፈልጋል፣ ወይ ደግሞ የሙቀት ልዩነት።

ስለ ሙቀት ልዩነቱ የጻፈ አንድ የኛ ሰው አለ። ሁለተኛ ዓመት ላይ አንድ መምህራችን ስማቸውን ጠርተውልን ነበር፤ ዶክተር ሙሉጌታ በቀለ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር። በዚያ ሌሊት ስልኬ ላይ ፈልጌ አገኘኋቸው። ከመስፍን አስፋው ጋር በ2004 ያሳተሙት ጽሑፍ ስለ አንዲት በጣም ትንሽ የሙቀት ሞተር ነው። ቀመሮቹን ዘልያቸዋለሁ፤ ሐሳቡን ግን መዝገበ ቃላት ይዤ ሦስት ሌሊት አነበብኩት።

እንዲህ ነው። እንደ መጋዝ ጥርስ ዳገትና ቁልቁለት የተደረደረበት መንገድ አስቡ። አንዲት ብናኝ በወፍራም ፈሳሽ ውስጥ በመንገዱ ላይ ናት። የመንገዱ አንዱ ክፍል ሙቅ ነው፣ ቀጥሎ ቀዝቃዛ፣ ቀጥሎ ሙቅ፣ ቀጥሎ ቀዝቃዛ። ሙቁ ቦታ ላይ መንቀጥቀጡ ይበረታል፤ ዳገቱ ሙቅ ከሆነ ብናኟ ስትወረወር ስትወረወር አንድ ጊዜ ጫፉን ታልፋለች። ከጫፉ ማዶ ቁልቁለቱ ቀዝቃዛ ነው፤ እዚያ ከወረደች በኋላ ተመልሳ የምትወጣበት ኃይል የላትም። ማንም ወደ ፊት አልጎተታትም። የሚገፋት ሁሉ ከየአቅጣጫው ነው። ልዩነቱና የመንገዱ ቅርጽ አንድ ላይ ሆነው አስኬዷት።

እኔ የተነሳሁበትን ቦታ የሚያውቅ ሰው ይሄን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው መገመት አያቅትም። ደሴ ከተማ ሰው ቤት ሠርቻለሁ፤ እዚህም ሰው ቤት እሠራለሁ። ልብስ ማጠቡ ያው ነው፣ እንቅልፉ ያው ነው፤ ክፍያው ግን አንዱ ጋ ሌላ፣ አንዱ ጋ ሌላ። ያንን ልዩነት እኔ አልሠራሁትም። እግዜርም አልሠራው።

ደራሲዎቹ በብናኟ ላይ ሸክም ጨመሩባት፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ሸክሙ ትንሽ ከሆነ ተሸክማ ትወጣለች። ሲጨምር ትዘገያለች። አንድ ልክ ላይ ሲደርስ ጨርሶ ትቆማለች። ከዚያ ሲያልፍ ወደ ኋላ መሄድ ትጀምራለች፤ ያኔ ሞተሩ ሞተር መሆኑ ይቀርና ፍሪጅ ይሆናል፤ ሙቀት ከቀዝቃዛው ቦታ እየወሰደ ለሙቁ ይሰጣል። ይሄን ሳነብ ስልኩን ደረቴ ላይ አስቀምጬ ጣራውን ሳይ ቆየሁ። የመን ውስጥ ሰዎች ይዘውን፣ አገር ቤት ደውለን ገንዘብ እንድናስልክ አድርገውናል። እናቴ በሬውን ሸጣ ላከች። ከኛ ጎጆ ተነስቶ መሣሪያ ለታጠቁ ሰዎች ሄደ። እኔ መንገድ የጀመርኩት ከሀብታም አገር ወደ ቤቴ ላመጣ ነበር። ለዚያ ሁሉ ወር ፍሪጅ ነበርኩ።

ካይኔሲንም እንዲሁ ልክ አላት። ሸክሙ 6 ፒኮኒውተን አካባቢ ሲደርስ ትቆማለች። ቁጥሩ ለእኛ ምንም አይደለም፤ ልክ መኖሩ ግን ነገር ነው። ከዚህ በላይ ሲጫንባት ሰነፍ አይላትም፣ ልብ የላትም አይላትም። ልኳ ነው።

ከዚያው ጽሑፍ ሌላም ነገር አለ፣ ስለ ፍጥነት። ሙቀቱን በጣም ሳያባክን የሚሠራው ሞተር በጣም ቀርፋፋው ነው፤ ሊቆም ምንም ያልቀረው። በአጭር ጊዜ ብዙ የሚሠራው ደግሞ ብዙ ያባክናል። እነሱ ሁለቱን የሚያስታርቅ መሃል ቦታ ፈልገው አስልተዋል። ይሄንን በየወሩ ሐዋላ ቤት ሰልፍ ላይ የምንቆም ሁላችን ያለ ቀመር እናውቀዋለን፤ ሁሉንም ልኮ ባዶ መቅረት አለ፣ ለራስ ማስቀመጥና ከቤት መወቀስ አለ።

አንድ አርብ ቡና ላይ ይሄን ሁሉ ለጓደኞቼ ዘረገፍኩት። እዚህ ሰፈር ያለነው ጥቂት ነን፤ ማዳሞቻችን ከፈቀዱ አርብ ከሰዓት እንገናኛለን። ያን ቀን አንዷ ከገበያ የፉል አበባ ገዝታ መጥታ ቤቱ ሁሉ ሸቶ ነበር። ከጅማ የመጣችው ጓደኛችን ስኒዋን ሳታስቀምጥ፣ «ሞለኪውሏ እህት የላትም እኮ» አለችኝ። «ብትሄድም ባትሄድም አይቆጫት። እኔ ልጄን ለእናቴ ትቼ የወጣሁ ቀን፣ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ልመለስ እችል ነበር። ያቺ ደቂቃ የሙቀት ልዩነት ናት ልትዪኝ ነው? ኃጢአቴን ለፊዚክስ ልስጥ?»

ዝም አልኩ። ትክክል ናት። ስፒኖዛ የሚባል ፈላስፋ በ1674 በጻፈው ደብዳቤ ላይ፣ የተወረወረ ድንጋይ አእምሮ ቢኖረው በገዛ ፈቃዱ የሚሄድ ይመስለው ነበር ይላል። ሰውም እንዲሁ ነው ማለቱ ነው። ልጇን ትታ በር ላይ ለቆመች ሴት ይሄን መንገር ግን አልችልም። ድንጋይ በር ላይ አይቆምም።

ካልሲዋን እያጠፈች ስትሰማን የነበረችው ሌላዋ፣ ከአላማጣ ናት፣ «ታዲያ ተሳስተሻል ብላ የምትቀጣሽ ማናት?» አለቻት። «ልጅሽ ናት? እናትሽ ናት? ወይስ ሦስት ወር ያልከፈለችሽ ያቺ ሴትዮ?» ሁላችንም ዞረን አየናት።

ይሄ ጥያቄ ነው ነገሩን የፈታልኝ። የጅማዋ ልጅ የምትጠየቅበት ነገር አላት፤ ራሷ አምናለች፤ ማንም ሊነጥቃት አይገባም። የምትጠየቀው ግን ለልጇ ነው። ደመወዟን የበላችው ሴትዮ ያንን የበር ላይ ደቂቃ አንስታ «ወደሽ አይደል የመጣሽው?» የማለት መብት የላትም። እርምጃው የኛ ነው፤ ያ እርምጃ ግን ለሚጭን ሁሉ የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። «ማን ሂጂ አለሽ?» የሚለው አፍ እነዚህን ሁለቱን ነው የሚያደባልቀው፤ መራመዴን እንደ ፊርማ ይቆጥረዋል። «ምስኪን» የሚለው አፍ ደግሞ ከጫኙ ጋር ላለመጣላት እርምጃዬን ይሰርዘዋል።

የዶክተር ሙሉጌታ ነገር እዚህ ላይ ተመልሶ መጣብኝ። እኚህ ሰው በደርግ ዘመን ለዓመታት ታስረዋል፣ ተገርፈዋል። እስር ቤት ውስጥ ሆነው አብረዋቸው ለታሰሩት ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር። ከተፈቱ በኋላ ህንድ አገር ባንጋሎር ሄደው ዶክትሬታቸውን ሠሩ፤ ተመልሰው አዲስ አበባ አስተማሩ። የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር በ2012 ለሰብዓዊ መብትና ለትምህርት ነፃነት ስላደረጉት ጥረት በአንድሬ ሳካሮቭ ስም የተሰየመውን ሽልማት ከሪቻርድ ዊልሰን ጋር ሰጥቷቸዋል። ጽሑፋቸውን ሳነብ ይሄን አላውቅም ነበር፤ በኋላ ነው ያገኘሁት። እስር ቤት ወደው አልገቡም። እንዲያስተምሩ ግን ማንም አላዘዛቸውም። በአንድ ክፍል፣ በአንድ ቀን፣ አንድ ሰው የተገደደም ያልተገደደም ነው። ያስተማሩት በግድ ታስረው ስለሆነ ማስተማራቸው የአሳሪው ሥራ አይባልም፤ አስተምረዋልና እስሩ ጥሩ ነበር አይባልም።

አንድ ነገር ደግሞ ከካይኔሲን። ሁለቱን እግሮቿን በአንድ ጊዜ አትለቅም። አንዱ እግር ገመዱን እንደያዘ ነው ሌላው የሚነሳው፤ የተነሳው እግር በውሃው እየተወራጨ የሚያርፍበትን ይፈልጋል። ወደ ፊት እንዲያዘነብል የሚያደርገው አጭር ማያያዣ አለው፤ የቀረውን ማዕበሉ ራሱ ይወረውረዋል፤ ቦታውን ሲያገኝ ይይዛል፤ ከያዘ በኋላ ነው የኋላው የሚለቀው። ሁለቱም ከለቀቁ ውሃው ይወስዳታል። እኔ ሁለቱንም የለቀቅኩት ኦቦክ ላይ ነው። ያለ ወረቀት፣ ያለ ዘመድ ስልክ፣ መመለሻ ገንዘብ ሳይኖረኝ። ከዚያ ወዲያ የሄድኩት በዕድል ነው፤ ዕድል ያልያዛቸው ልጆች ስም አለኝ፤ እዚህ አልጽፈውም፣ እናቶቻቸው ገና እየጠበቁ ያሉ አሉ።

በሦስተኛው ሳምንት እህቴ ጋ ደወልኩ። ፍልስፍናውን አላወራኋትም፤ ካርዱም አይበቃም። «የወጣሁት ስለተገፋሁ ነው፤ የተራመድኩት ግን እኔ ነኝ» አልኳት። «ይሄ መልስ አይደለም» አለችኝ። ልክ ናት።

ስለዚህ ቁጥር ነገርኳት። ወር ስንት እንደማገኝ፣ ስንቱ እንደሚላክ፣ በስንት ዓመቴ የበሬውን ዋጋ እንደመለስኩ። እስካሁን አንድም ጊዜ ነግሬያቸው አላውቅም ነበር፤ እንዳይጨነቁ ብዬ። አራት ዓመት ከሁለት ወር። በስልኩ ውስጥ ትንፋሿን ሰማሁት። ከዚያ እኔ ጠየቅኳት፤ ብትወጪ የትኛው እግርሽ ነው የሚይዘው? ወረቀት ይኖርሻል? ቢጠፋብሽ የምትደውዪለት ሰው ማነው? ብትመለሺ የምትገቢበት ቤት በማን ስም ነው? መንገዱን የሚከፍልልሽ ማነው፣ በስንት ወለድ?

ለመጨረሻው ዝም አለች።

«ለደላላው የሰጣችሁት ነገር አለ?» አልኳት።

«እናቴ እንዳትነግሪያት ብላኛለች።»

«ስንት?»

ነገረችኝ። የሁለት ወር ደመወዜ ነው። ግማሹን ከጎረቤት ተበድረው፣ ግማሹን እኔ ለአባቴ መድኃኒት ብዬ ከላክሁት። የሚነሱት ሐሙስ ነው ተብላለች። የደወልኩት ማክሰኞ ማታ ነው፤ ረቡዕ ጠዋት ማዳሜን የአንድ ወር ደመወዝ በቅድሚያ እንድትሰጠኝ ለመንኳት፤ አሰብ አድርጋ ግማሹን ሰጠችኝ። የጅማዋ ጓደኛዬ ሌላውን ጨመረችልኝ። ሐዋላ ቤቱ ከዐስር ሰላት በኋላ ነው የሚከፈተው። እናቴ ብድሩን እንድትመልስ ላክሁት፤ ለእህቴ ደግሞ «ይሄ ለመቅረት የሚከፈል አይደለም፤ ሐሙስ የምትወስኚው ዕዳ ሳይኖርብሽ እንድትወስኚ ነው» ብዬ በድምፅ ላክሁላት።

ሰምታዋለች፤ ሁለቱ ምልክቶች ሰማያዊ ሆነዋል። ይሄን የምጽፈው ረቡዕ ሌሊት ነው።